ከትልቅ ወደ ትንሽ

በዚያ የውሃ መሥሪያ ቤት ከትልቅ ወደ ትንሽ ያልተደረደረ ነገር አይነበብም። የሥራ አስኪያጁ አመል ነው፤ የትኛውም ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት ትልቁን ቁጥር ከላይ፣ ትንሹን ከታች ማየት አለበት። ያላየ እንደሆነ ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይመልሰዋል። «ትልቁን አስቀድሙልኝ፤ ትንሹን ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። ሠራተኞቹ ዞር ሲል «ይሄ ሰውዬ የሞተ ቀን ቀባሪውን በቁመት ካላሰለፍነው ተነሥቶ ይመልሰናል» እያሉ ይስቃሉ። መሳቁን ይስቃሉ፣ መደርደሩንም ይደረድራሉ። አለቃ ነው፣ ምን ይደረግ!

ከደርዳሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን መዝጋቢው ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲከት ኖሯል። የቧንቧ ርዝመት፣ የፈነዳ መስመር፣ የደንበኛ አቤቱታ፣ ሁሉም በእሱ ጣት ያልፋል። ዓምዱን ይመርጣል፣ «ደርድር» የሚለውን ይጫናል። ኮምፒውተሩም በጨዋ ደንብ «ጎኑ ያለውንም ዓምድ አብሬ ላንቀሳቅሰው ወይስ የመረጥከውን ብቻ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ሁልጊዜ «የመረጥኩትን ብቻ» ነው፤ አለቃው እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ነውና የሚያየው። ከጊዜ ብዛት መዝጋቢው ጥያቄውን ማንበብም ተወ። ጣቱ መልሱን ያውቀዋል።

እዚያው መሥሪያ ቤት አባቱም ይሠራ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ኮረብታው ላይ ባለው ማጣሪያ ጣቢያ። ሥራው ውሃው ውስጥ ክሎሪን መጨመር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም። ሽታው ቆዳው ውስጥ ገብቶ በሳሙናም አልለቅ ብሏል፤ ሰውየው ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። ስለዚህ የጣቢያው ሰው «አባ ሽታ» አለው፣ ሰፈሩም ስሙን ተቀበለ። የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ቀበጥ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ «አባ ሽታ መጡ!» እያለች በራፍ ላይ ትቀበለዋለች። እሱም የራሱን አፍንጫ ይዞ «አንቺ የማትሸቺ መስሎሻል?» ይላታል። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ኧረ ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው!» ትላለች፤ ቁጣው ሳያልቅ ግን እሷም ትስቃለች።

መዝጋቢው እናቱ የሞተችበት የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቱም አባቱም ያው አንድ ሰው ነበር። ሸሚዙን የተኮሰለት፣ ፀጉሩን በመቀስ እየጎመደ ለትምህርት ቤት መሳቂያ ያደረገው፣ ሲታመም ግንባሩን በጨርቅ ሲያበርድ ያደረው ይኸው ሰው ነው። አሁን ልጅየው አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ አባትየው ግን ቁርስ ሳይበላ ከወጣ እስከ ዛሬ ይቆጣዋል። ሁለቱ ብቻ ነበሩ በቤቱ፤ ብዙ አይነጋገሩም፣ ግን አንዱ ካላንዱ አይበላም።

ክፉው ጊዜ ከዝናቡ ጋር መጣ። እነሱ የሚኖሩበት የታችኛው ሰፈር ሰው በተቅማጥ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት አራት ሰው፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሃምሳ። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተኛ። በስልሳ ሁለት ቀን ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ አራት ልጆች ሞቱ። ከአራቱ አንዷ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። በቀብሯ ቀን አባ ሽታ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ሽታው ለማንም እንዳይደርስ የፈራ ይመስል፣ ለብቻው ቆሞ ነበር።

ከተማው ጮኸ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰው የታመመው ክሎሪኑ ስለጎደለ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? አንዳንድ ቀን ክሎሪኑ መጉደሉን የካደ የለም፤ በየቀኑ ደብተሩ ላይ የጻፈው ራሱ አባትየው ነው። የክሎሪኑ በርሜል ሲዘገይበት ያለችውን ለነገም እያብቃቃ ይጨምራል፣ ምን ያህል እንዳጎደለም ሳይሸሽግ ይመዘግባል። «ቶሎ ላኩልኝ» ብሎ አራት ደብዳቤ ጽፏል። አራቱም ደብዳቤ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ሥራ አስኪያጁ መዝጋቢውን አስጠራው።

«ሁለት ዓምድ ታዘጋጅልኛለህ» አለው። «አንዱ በየቀኑ የጎደለው ክሎሪን፣ ሌላው በየቀኑ ጤና ጣቢያ የመጣው ሕመምተኛ። ዝምድና አላቸው ወይስ የላቸውም፣ በቁጥር ንገረኝ። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል።»

«የክሎሪኑ ሰው እኮ አባቴ ነው» አለ መዝጋቢው።

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ለአንተ የምሰጥህ። ሌላ ሰው ቢሠራው ‹ጠልተውት ነው› ትሉኛላችሁ።»

ቤት ሄዶ ለአባቱ ሲነግረው፣ አባቱ ዳቦውን መቁረስ አቆመ።

«ይሻላል» አለ። «አንተ ሥራው። ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ።»

«አባዬ፣ እኔ ባልነካው ደስ ይለኝ ነበር።»

«ከዚያች ልጅ ቀብር ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔ ከሆንኩም ልወቀው፣ ካልሆንኩም ልወቀው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ከአንተ ሌላ ደግሞ የማምነው ሰው የለኝም።»

ረቡዕ ጧት መዝጋቢው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። በግራው የአባቱ ደብተር፣ በቀኙ የጤና ጣቢያው ዝርዝር። በደብተሩ ላይ የአባቱ ቁጥሮች በሰማያዊ ቀለም እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተያይዘዋል፤ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ስልሳ ሁለቱን ቀን አስገባ። እያንዳንዷን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ አመሳከረ። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የለም፤ ይህን የምለው ወደ ፊት ሰነፍ እንዳይመስላችሁ ነው።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን፣ ቀንን ከቀን ጋር ያያቸዋል። አንዱ ከፍ ባለበት ቀን ሌላውም ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ባለበት ሌላውም ዝቅ የሚል ከሆነ መልሱ ወደ አንድ ይጠጋል። ሁለቱ ጭራሽ የማይተዋወቁ ከሆኑ መልሱ ዜሮ አካባቢ ይንከላወሳል። መዝጋቢው የሚለምነው ዜሮን ነበር። ሰው አምላኩን ሀብት ይለምናል፣ ጤና ይለምናል፤ እሱ ግን በዚያ ጧት በሙሉ ልቡ ዜሮ ለመነ።

ሁሉ ከገባ በኋላ ሠንጠረዡን ለአለቃው ዓይን እንደሚመች አድርጎ አሰናዳው። የጎደለውን ክሎሪን ዓምድ መረጠ፣ ደረደረ። የሕመምተኞቹን ዓምድ መረጠ፣ ደረደረ። ሁለቱም ከትልቅ ወደ ትንሽ ወርደው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን ዝምድናቸውን የጠየቀው።

ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት።

ቀመሩን አጥፍቶ እንደገና ጻፈው፤ ዘጠኝ ስድስት። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ዘጠኝ ስድስት። ቁጥሮቹን ከደብተሩ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ሊያመሳክር ፈለገና ተወው። ሁለት ጊዜ አመሳክሯል፣ ስሕተት እንደሌለ ያውቃል። ዘጠኟን በዜሮ መተካት የአንድ ጣት ሥራ ነው፤ ማንም አያውቅም። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሄዶ ቆመ። ግን «ከአንተ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም» ያለው ሰው ልጅ ነውና ጣቱን መለሰ። አሳዳጊ የበደለው ቢሆን ኖሮ እንዴት በተገላገለ!

ኮረብታውን በእግሩ ወጣ። አባቱ የብረት መደገፊያውን ይዞ ወደ ገንዳው ቁልቁል ያያል። መዝጋቢው ሊናገር አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው።

«ስንት ነው?» አለ አባቱ።

«ዘጠኝ ስድስት።»

«ከስንት?»

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ነው፣ አባዬ። ከአንድ በላይ አይሄድም።»

ውሃው ከታች ይንሾካሾካል። አባትየው መሐረብ አወጣና ለራሱ ሳይሆን ለልጁ ሰጠው።

«ጻፈው» አለ።

«አባዬ፣ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ልሥራው...»

«ጻፈው አልኩህ። ቁጥር አባት የለውም።»

ኮሚቴው ሐሙስ ዕለት ሃያ ደቂቃ ብቻ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ሠንጠረዡን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ «አያችሁ፣ ጥርት ያለ ነው» አለ። ያን ያህል የተዋበ ሠንጠረዥ በሕይወቱ አላየም። ማኅተም ተመታበት። አባ ሽታ በዕድሜውና በረጅም አገልግሎቱ ታዝኖለት፣ ክስ ሳይመሠረትበት ከሥራ ይሰናበት ተባለ። የአራቱን ደብዳቤዎች ስም ያነሣ አልነበረም።

በማግስቱ አባትየው ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። መዝጋቢው «ተው፣ እባክህ ተው» እያለ ተከተለው፤ የሚሰማው አላገኘም። ልብስ ሰፊዋ የማን እንደሆነ እንጃ አንድ የትምህርት ቤት ቀሚስ መኪናው ላይ ዘርግታ ነበር። ሽታው ቀድሞ ሲደርሳት ቀና አለች።

«ልጄ» አላት በራፉ ላይ ቆሞ። «ውሃው ከእኔ ነው። ልጅሽን የገደልኳት እኔ ነኝ። በስሌት ተረጋግጧል።»

እግሯ ከመርገጫው ላይ አልተነሣም። ጩኸት ሲጠብቅ፣ እርግማን ሲጠብቅ፣ እሷ ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

«ይውጡልኝ፣ አባባ» አለች።

በወሩ የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ ጭና ከሰፈሩ ለቀቀች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ወር ምን ብዬ ልንገራችሁ? አባትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ይመሻል። ጢሙን መላጨት ተወ። መዝጋቢው የሚያቀርብለትን ምግብ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋ ያደርጋል። ውሃ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አንጋጦ ያየዋል፤ ያየዋል፤ ከዚያ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን እንዲህ አለ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አጠጣሁ። አንድ ሰው ጠርቶ አመስግኖኝ አያውቅም፤ አልቀየምም ነበር። ማንም የማያስታውሰኝ ውሃው ደኅና ስለሆነ ነው እል ነበር።» መዝጋቢውን በቢሮ ሰው «እንዴት ናቸው አባትህ?» ሲለው «ደኅና» ይላል። የአባቱ ሽታ ከቀን ወደ ቀን እየለቀቀ ሄደ። ያ በሳሙና አልለቅ ያለው ሽታ ሲጠፋ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መሰለው።

በስድስተኛው ወር የመሥሪያ ቤቱ የላቦራቶሪ ባለሙያ መዝጋቢው ቢሮ መጣች። ከእሱ ጋር የተቀጠረች፣ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ምላሷ ስለት የሆነች ሴት ናት። በዝናቡ ጊዜ ከፍሳሽ ቦይ ሥር የሚያልፈው ዋና ቧንቧ ተሰንጥቆ መገኘቱንና በበሽታው ስልሳ ሁለተኛ ቀን መጠገኑን ስታጣራ ነበር የሰነበተችው። የዝናቡን መጠን ከሕመምተኛው ቁጥር ጋር ልታስተያይ የእሱን ሠንጠረዥ ወስዳ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«ስማ እስቲ» አለችው። «ይሄ በሽታ እንዴት ያለ ጨዋ በሽታ ነው? በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ ስምንት ሰው ታመመ። በሁለተኛው ሃምሳ አምስት። በሦስተኛው ሃምሳ አንድ። እንዲህ እያለ በየቀኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ ወደ ላይ አይልም።»

«ታዲያ?» አላት።

«ታዲያማ ሰው ዝናቡ ሲጀምር ጥቂት ጥቂት ነበር የሚታመመው፤ አልነበርክም እንዴ? ክሎሪኑም ያው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ይጎድላል፣ ከዚያ በተራ ይወርዳል። ምነው፣ አባትህ በሰልፍ ነው እንዴ ሲያጎድሉ የነበረው?»

መዝጋቢው ወረቀቱን አየ። ጣቱን አየ። አብሬ ላንቀሳቅሰው ወይስ የመረጥከውን ብቻ? ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ ደርድሯቸዋል፤ ቀን ከቀኑ ተለያይቷል። ብዙ ሰው የታመመበት ቀን፣ ክሎሪን ብዙ ከጎደለበት ከማያውቀው ቀን ጋር በግድ ተጋብቷል። ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ ጎን ቆሟል። በዚህ መንገድ ቢሆን የሰፈሩን ውሾች ቁጥርና የጨረቃን ዕድሜ ብትደረድሯቸውም ዘጠኝ ስድስት ዘመድ ሆነው ይወጡ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን አልቸኮለም። እየተጠነቀቀ ነው ያፈሰሰው።

ደብተሩንና የጤና ጣቢያውን ዝርዝር ከመሳቢያው አወጣ። እሷ እያነበበችለት ስልሳ ሁለቱን ቀን እንደገና፣ ያለ ምንም መደርደር፣ ቀንን ከቀኑ ጋር አስገባ። ቀመሩን ጻፈ።

ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት።

ዝናቡን ከሕመምተኛው ጋር አስተያየችው፤ ዜሮ ነጥብ ስምንት ሦስት። ዝናብ በጣለ ቁጥር የቦዩ ፍሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ሰፈሩን አጠጥቶታል። የአባቱ ክሎሪን ቢሞላም ባይሞላም፣ ውሃው የሚበከለው ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ ላይ ነበር።

«ሰውየው ምንም አላደረጉም» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። ስለታም ምላሷ እንኳ ደነዘ።

መዝጋቢው ያን ቀን ጣቱ ቁልፉ ላይ ሄዶ የቆመበትን ሰዓት አስታወሰ። ዘጠኟን በዜሮ ቢተካት፣ ቢዋሽ፣ አንዴ በሕይወቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቢዋሽ ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሮጠ። ሰውየው አዲሱን ወረቀት አገላብጦ ያልተደረደረ መሆኑን አይቶ ፊቱን አጨፈገገ።

«ቧንቧው ተጠግኗል» አለ። «በሽታው ቆሟል። አባትህ ቤታቸው ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።»

«ስማቸው ይጽዳልኝ፤ አንድ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ይስጡኝ።»

«ደብዳቤ ስሰጥህ ኮሚቴው ምን ይላል? ያን ዓምድ ማን ደረደረው ብሎ አይጠይቅም?» ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰለት። «እኔ ነኝ እንዴ የደረደርኩት?»

መዝጋቢው ደብተሩን፣ ወረቀቱንና የመሥሪያ ቤቱን ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በብብቱ ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቱ በሩጫ ወረደ። ልቡ ግን፣ ያ ሁሉ ሆኖም፣ ደስ ብሎት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ! አባቱ አንዴ ይሰማዋል፣ ቁጣ ከመጣም ይቆጣዋል፣ ይመታውም እንደሆነ ይምታው፤ ከዚያ ተነሥቶ ይበላል።

አባቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። መዝጋቢው እግሩ ሥር ተንበርክኮ አንድ ሳይቀር ነገረው፤ ዓምዶቹን፣ ጣቱን፣ ቧንቧውን፣ ዝናቡን። ቃሉ እየተደናቀፈ፣ ፊቱ እየበራ። አባትየው መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ተቀበለና ለረጅም ጊዜ ያዘው።

«ዜሮ ስድስት» አለ።

«አዎ፣ አባዬ! ዝምድና የላቸውም ማለት ነው። ያንተ ጥፋት የለበትም!»

«ያኛው ዘጠኝ ስድስት ነበር። ስድስቷ አለች፤ ዘጠኟ ብቻ ናት የተለወጠችው።»

«አጋጣሚ ነው...»

«ያኛው ማኅተም ነበረው። ይሄ የለውም።»

«እምቢ ብለውኝ ነው። ቆይ፣ አሳይሃለሁ፤ በዓይንህ ታያለህ!» ኮምፒውተሩን ከፈተ። ስልሳ ሁለቱን ቀን አሳየው፤ ከታች ዜሮ ስድስት ይላል። «አሁን እንደ ያኔው ስደረድራቸው ተመልከት።» ደረደረ፤ ከታች ያለው ቁጥር ዘጠኝ ስድስት ሆነ። «አየህ? አሁን ደግሞ ስመልሰው።» መለሰው፤ ዜሮ ስድስት ሆነ። እንደ ሕፃን እየሳቀ ቀና አለ።

አባቱ አልሳቀም። ከኮምፒውተሩ ማያ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ልጁን አየው፤ እናቱ በሞተች ሰሞን ያየው በነበረው ዓይን።

«እንግዲያው እንደፈለግክ ታደርገዋለህ ማለት ነው» አለው።

«አይደለም! አይደለም፣ አባዬ፣ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው፤ ደብተርህን እየው፣ የራስህ ጽሕፈት ነው...»

«ስማኝ፣ ልጄ። ያን ቀን ኮረብታው ላይ የመጣህ ጊዜ እያለቀስክ ነበር። እኔን ለማዳን ስትፈልግ የከረምክ ልጅ፣ እኔን የሚገድል ቁጥር ይዘህ መጣህ። ሳትወድ ያመጣኸው ነው። ለዚህ ነው ያመንኩት። ዛሬ ግን ሮጠህ መጣህ፤ ፊትህ በርቷል። ይሄን ቁጥር ፈልገኸዋል። አምስት ወር ሙሉ ሳህኔን ስገፋ እያየህ ፈልገኸዋል።»

«እውነት ስለሆነ ነው!»

«ለዚያች ልጅ እናት በአፌ ነግሬአታለሁ» አለ አባቱ። «አሁን ‹ዝናብ ነው› ብዬ የት አገኛታለሁ?»

መዝጋቢው ባለሙያዋን ላምጣ አለ፤ አባቱ «እሷም ትወድሃለች» አለው። ደብተሩን ገልጦ ቀን በቀን ሊያነብለት ጀመረ፤ አባቱ በትዕግሥት እስከ ዐሥረኛው ቀን አዳመጠና ደብተሩን ከእጁ ወስዶ ዘጋው። ያን ጊዜ የመዝጋቢው እንባ መጣ። እያለቀሰ፣ ምናልባት እያለቀስኩ ብነግረው ያምነኛል ብሎ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

አባትየው ክሎሪን የማይሸተውን እጁን በልጁ ራስ ላይ አሳረፈ።

«አይዞህ፣ አታልቅስ» አለው። «ብትዋሽም ለእኔ ብለህ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ።»